ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት

«ፖሊስ ጠርታ አሳሰረችኝ።» ሎስ አንጀለስ በኖርኩባቸው ሠላሳ ምናምን ዓመታት ይህን ከወገን አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አላውቅም። «መታኋት» ብሎ የጀመረልኝ ግን አንድም የለም።

የዛሬ ጥቂት ዓመት አንድ ወዳጄ ይህንኑ ብሎ ደወለ። ታሪኩን እንዳወራ ፈቅዶልኛል። «ጋሼ፣ እባክህ ለምንልኝ» አለኝ። እኔም ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስከትዬ ሚስቱ ቤት ሄድኩ። «ልጄ፣ ገበናሽን ሸፍኚ፣ ክሱን ተይለት» አልናት። ቡና እንኳ አፍልታልን አንገቷን ደፍታ ሰማችን። በነጋታው ለጠበቃዋ ደወለች። በሁለተኛው ቀን እሱ እንደገና ታሰረ።

ለካ ዳኛው ከእሷ ጋር እንዳይገናኝ አዝዞታል። በስልክ፣ በጽሑፍ፣ በሰው በኩልም ጭምር። በሰው በኩል ከተባለ የሚፈቀደው ጠበቃ ብቻ ነው። እኛ ሽማግሌ ነን ብለን ሄድን፤ ለሕጉ የተከሳሽ መልእክተኞች ነበርን። ልመናችንም ከንቱ ነበር። ክሱ የዐቃቤ ሕግ እንጂ የእሷ አይደለም፤ እሷ ብትተወውም ሊቀጥል ይችላል። ይባስ ብሎ ምስክርን አትመስክሪ ብሎ መወትወት ራሱ ሊያስከስስ ይችላል። ያኔ እኛም አለመያዛችን እድል ነው።

ስለዚህ ወዳጃችሁ ቢታሰር መጀመሪያ ሩጫው ወደ ጠበቃ ይሁን። ዜጋ ካልሆነ ደግሞ ኢሚግሬሽን የሚያውቅ ጠበቃ ሳያማክር «ጥፋተኛ ነኝ» እንዳይል። ከ1996 ጀምሮ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት የግሪን ካርድ ባለቤት ሊባረር ይችላል። የጥበቃ ትእዛዝ፣ ማለትም እንዲህ ያለውን የዳኛ «አትገናኝ» ትእዛዝ፣ መጣስም እንደዚያው ነው። ፍርድ ቤት ለመታ ሰው የሚያዘውን ክላስ መጨረስ ይህን አይፍቅም።

ስለ ክላሱ ላውራ። በካሊፎርኒያ እንዲህ ባለ ጥፋት ፕሮቤሽን (በፍርድ ቤት ክትትል ሥር መቆየት) የተሰጠው ሰው በደንቡ 52 ሳምንት ይማራል፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት። ሌላ ስቴት ደንቡ ይለያል። መቅረት የሚቻለው በበቂ ምክንያት፣ ያውም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ጠጥቶ መግባት የለም። ክፍያው እንደ ገቢ ስለሚቀነስ «ገንዘብ የለኝም» ከማለት በፊት መጠየቅ ነው። ከኦንላይን የተገዛ «ንዴትን መቆጣጠር» የሚል ሰርተፊኬት አይሠራም። ባልና ሚስት አብረው የሚመከሩበት ቦታም አይደለም።

ወዳጄ መኪናውን ለእሷና ለልጆቹ ስለተወ፣ ሐሙስ ሐሙስ እኔ አደርሰው ነበር። ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። እኔ ፓርኪንግ ውስጥ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ላይ በሩን ጓ አድርጎ ነበር የሚገባው። «ከወንበዴ ጋር አስቀመጡኝ» ይላል። ስድስተኛው ሳምንት ገደማ ግን ዝም ብሎ ገባ። ፍሪዌይ ከያዝን በኋላ አወራኝ። አስተማሪው ለምን እንደመታት ጠይቆት «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ብሏል።

«አለቃህ ሰድቦህ ያውቃል?»

«አዎ።»

«መታኸው?»

«ኧረ የለም።»

«ታዲያ ያን ቀን ሰይጣኑ የት ሄዶ ነበር?»

ሳቅ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም።

ሌላ ቀን ሰሌዳ ላይ የጋሪ ጎማ ሥለው አሳዩት። ሥዕሉ በ1984 ዱሉት፣ ሚኔሶታ ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች ከተናገሩት የተሠራ ነው። መሀሉ ላይ ሥልጣንና ቁጥጥር ይላል። ዱላው ዳር ላይ ነው። ውስጡን የሞሉት ገንዘብ መንሳት፣ ከዘመድ መነጠል፣ ማስፈራራት፣ ልጆችን መሣሪያ ማድረግ ናቸው። ያኔ «ወረቀትሽን አሰርዛለሁ» ያላት ትዝ አለው። ይህን ለእኔ ከዚያ በፊት ነግሮኝ አያውቅም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ለሽምግልና ስሄድ የጠየቅኩት «ስንት ልጅ አላችሁ» ብቻ ነበር።

ክላሱ ሁሉን ይቀይራል አልልም። ዓመቱን ሙሉ ወንበር አሙቆ የወጣ ሰውም አውቃለሁ። ግን ብዙዎቹ ቦታዎች ፍርድ ቤት ሳያዘው በራሱ የሚመጣን ይቀበላሉ። እጁን ያነሳ፣ ወይም ቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚፈራው ሰው ካወቃችሁ፣ ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት ይዛችሁት ሂዱ።

እሷንም አትርሷት። ባሏ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ከሆነ፣ ከ1994 ወዲህ ጥቃት የደረሰባት ሚስት ያለ እሱ ፊርማ ለግሪን ካርድ ራሷ ማመልከት ትችላለች። ስለዚህ የእሱ «አሰርዛለሁ» ባዶ ፉከራ ሊሆን ይችላል። የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ ስልክ 1-800-799-7233 ሌት ተቀን ይሠራል፤ አስተርጓሚም ያቀርባል።

ወዳጄ 52ቱን ጨረሰ። እሷ አልተመለሰችም። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ ያያል። «አማልደኝ» ብሎ ዳግም አልጠየቀኝም፤ እኔም ያን በር አላንኳኳሁም።