ጥያቄና መልስ፦ የባሕር ዳርቻ ባክቴሪያ ጨውን እንዴት ይችለዋል?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ ጠይቁ። ማሳሰቢያ፦ «ጨው» ስትሉ ስንት ግራም እንደሆነ ጻፉ። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ገደማ ነው፤ ወንዝ ባሕር በሚገባበት አፍ ግን ውሃው ሲሞላና ሲጎድል ከ1 በታች እስከ 35 ይዋልላል።

ማዕበል፦ ጋሼ፣ ጨው ሲበዛበት መጀመሪያ ምን ያደርጋል?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ ውሃው እየሸሸው ህዋሱ ውጥረቱን ያጣል። ቶሎ ብሎ ፖታሲየም ያግበሰብሳል፤ የኤሌክትሪክ ቻርጁን ለማመጣጠን ግሉታሜት የሚባል ኔጌቲቭ ሞለኪውል ይሠራል። ይህ ግን ማቆያ ነው፤ ፖታሲየም ሲበዛ ኢንዛይሞችን ያውካል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ግላይሲን ቤታይን ወይም ኤክቶይን፣ ማለትም ቢበዙም ኢንዛይም የማያውኩ ትናንሽ ሞለኪውሎች፣ ይተካበታል። ቤታይን ከውጭ ካገኘ እሱኑ ይስባል፤ መሥራት ጉልበት ይፈጃል።

ጸጥተኛው፦ ጨው ባክቴሪያ አይገድልም ማለት ነው?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ የትኛውን? በስንት ግራም?

ጸጥተኛው፦ በአጠቃላይ።

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ «በአጠቃላይ» የሚባል ባክቴሪያ አላውቅም።

የላብ ልጅ፦ ከባድ ዝናብ ጥሎ ውሃው በድንገት ቢቀጥንስ?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ ተባረክ! ሁሉም ወደ ጨው መግባቱን ይጠይቃል፤ መውጣቱን የሚጠይቅ የለም፤ የሚያስጨንቀው ግን መውጣቱ ነው። ሆዱን በቤታይን ሞልቶ ሳለ ቀጭን ውሃ ሲመጣበት ውሃው እየጎረፈ ይገባበታል። ጂን አብርቶ ፕሮቲን እስኪሠራ ድረስ አይጠብቀውም። ሽፋኑ ሲወጠር ግን እዚያው የተተከሉ ቦዮች ውጥረቱ ራሱ ይከፍታቸዋል። ትልቁ፣ ኤምኤስሲኤል የሚባለው፣ 3 ናኖሜትር ያህል ይበረገዳል፤ ፖታሲየሙም ቤታይኑም በሚሊሰከንዶች ይደፋል። የለፋበትን ሁሉ ጥሎ ነፍሱን ያተርፋል። ኢ. ኮላይ በተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ተመራማሪዎች ኤምኤስሲኤልንና ታናሹን ቦይ ኤምኤስሲኤስን አብረው ሲያጠፉበት፣ ከጨው በድንገት ሲወጣ ፈንድቶ ያልቃል።

እንቆቅልሽ፦ ሃሎባክቴሪየም ግን ቤታይን ሳይሻ ፖታሲየም ብቻ ሞልቶ ይኖራል።

ማዕበል፦ እሱ ባክቴሪያ አይደለም፣ አርኪያ ነው፤ ባክቴሪያ የሚመስል ግን ሌላ ዘር።

እንቆቅልሽ፦ ስሙ ራሱ ባክቴሪያ እያለ!

የላብ ልጅ፦ ስም ምን ያደርጋል? ይልቅ ሳሊኒባክተር እውነተኛ ባክቴሪያ ሆኖ እንደዚያው ያደርጋል።

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ የላብ ልጅ ልክ ነው፤ ግን ሁለቱም ጨው የሚመረትባቸው ኩሬዎች ነዋሪ ናቸው። እኛ ያለነው ዳርቻው ላይ ነው፤ ተመለሱ።

ማዕበል፦ የባሕሩ ባክቴሪያ ቪብሪዮ ደግሞ ለምን ጨው ይፈልጋል?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ ሶዲየም ለእሱ ነዳጅም ነው። ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ተመልሶ ሲገባ የመዋኛ ጭራውን ያሽከረክርለታል።

እንቆቅልሽ፦ እኔ በሊትር 35 ግራም የገበታ ጨው በጥብጬ የባሕር ባክቴሪያ አላድግ አለኝ።

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ ግራሙን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ግን የገበታ ጨው ባሕር አይሆንም፤ ማግኒዚየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ሰልፌቱስ የት አለ? ምግቡስ?

ጸጥተኛው፦ ይቅርታ፣ ታዲያ ጨው ይገድላል ወይስ አይገድልም?

ባለ ማይክሮስኮፕ፦ ስንት ግራም?