ባህር ዛፉ ላይ ያሉት «ሁለት ዓይነት» ጭልፊቶች

እህቴ፣ ጥያቄሽ የራሴን ነገር ነው ያስታወሰኝ። ጅማ፣ ጅሬን ዳገት ሥር፣ ቤታችሁ አጠገብ ባህር ዛፍ ላይ አንድ ሆዱ ነጭ፣ አንድ ደግሞ ድፍን ጥቁር ጭልፊት እንደሚቀመጡ ጽፈሻል። ምን ምን እንደሆኑና በስልክ ስታነሻቸው ለምን ጥቁር ነጥብ ብቻ እንደሚሆኑ ጠይቀሻል።

እንደገለጽሻቸው ከሆነ ሁለቱ አንድ ዓይነት ወፍ ናቸው። ምናልባትም ጥንድ ናቸው። በእንግሊዝኛ ስሙ ኦገር በዛርድ ይባላል። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1836 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ከዚሁ ከአገራችን ነው። ሆዱ ነጭም ጥቁርም ሊሆን ይችላል፤ የፆታ ልዩነት አይደለም። ነጩና ጥቁሩ ተጋብተው ጫጩት ያሳድጋሉ። እኔም ወራት ሙሉ ሁለት ወፎች ናቸው ብዬ ለየብቻ ስመዘግብ ነበር። አንድ ቀን ጥቁሩ ከቤታችን ጣራ በላይ ዘንበል ብሎ ሲዞር ፀሐይ በጅራቱ አሳልፋ ገባች። አጭር፣ ልክ እንደ ጡብ ቀይ ጅራት! ነጩም እንደዚያው ነበር። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ገባኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጅራቱን እዪ። ፊቱ ቆንጆ ሆኖ ከወጣ ፎቶ ይልቅ ጅራቱ የታየበት ደብዛዛ ፎቶ ይጠቅምሻል። ጫጩቶቹ ግን ገና ቀይ ጅራት የላቸውም፤ ቡናማና መስመር መስመር ያለው ነው።

እኛ ሁሉንም «ጭልፊት» ስለምንል ነው የሚምታታው። ሉካንዳ ቤት አካባቢ የሚያንዣብበው፣ ከሰው እጅ ሥጋ የሚነጥቀው ሌላ ነው። ጅራቱ መሐሉ ላይ ገባ ያለ መቀስ ይመስላል፤ ሲበርም እንደ መሪ ወዲህ ወዲያ ያጣምመዋል። ከቡና ጥላ ዛፎች መሐል ሹልክ የሚለው፣ ደረቱ መስመር መስመር ያለው፣ ጠዋት ጠዋት ከዛፉ በላይ እየበረረ «ክሪት» የሚለው ደግሞ የጫካ ጭልፊት ነው። ወደ ቦዬ ረግረግ በኩል ምሰሶ ላይ ጥቁር ወፍ ካየሽ አናቱን አስተውዪ። ረጅም ጉትዬ በነፋስ ከተወዛወዘ ጉትዬ ያለው ንስር ነው። ከጥቁሩ ኦገር ጋር የሚያምታታው እሱ ነው።

ጎረቤቶችሽ «ጫጩት ይጨርሳል» ብለው ድንጋይ እንዳይወረውሩበት ንገሪያቸው። ኦገር በብዛት የሚበላው አይጥ፣ ፍልፈል፣ እንሽላሊትና እባብ ነው። ፍልፈል ይዞ አጥር ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ነጥብ የሚሆንብሽ ከኋላው ያለው ሰማይ ብሩህ ስለሆነ ነው። ስልኩ ሰማዩን አይቶ ወፉን ያጨልመዋል። ወፉን በጣትሽ ንኪውና የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ ሳቢ፤ ሰማዩ ቢነጣ ግድ የለም። ዙሙን እስከ መጨረሻው አትሳቢ። ባይኖኩላር ብታገኚ የስልኩን ሌንስ ዓይን የምታሳርፊበት ቦታ ላይ ለጥፈሽ አንሺ፤ እኔ ሁለት ዓመት የሠራሁት በዚህ ነው። ካሜራ ካለሽ ለበረራ ሹተሩን (የመዝጊያውን ፍጥነት) 1/1600 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጊ፤ ኤክስፖዠሩን (የብርሃን መጠኑን) +1 አድርገሽ ተከታታይ አንሺ።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል ተቀምጦ ይገኛል። መሬቱ ሞቅ ሲል ሽቅብ ይወጣና አታገኚውም። በክረምት ግን ዝናብ ሲያባራ ውጪ። ክንፉን ዘርግቶ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቆማል፤ ላባው እንፋሎት ያወጣ ይመስላል። ያኔ ቶሎ አይበርም።

ጎጆ ካገኘሽ ግን እባክሽ አትጠጊ። አንዴ ባህር ዛፍ ሥር ብዙ ቆሜ እናቲቱ ተነሳችብኝ። ወዲያው ሁለት ቁራ ጎጆው ጫፍ ላይ አረፉ። ልቤ እየመታ ሮጬ ራቅኩ፤ እሷም ተመልሳ አባረረቻቸው። ከዚያ ወዲህ ጎጆ አላነሳም። ወፉን ለመሳብ የዶሮ ጫጩት አስሮ ማማለልም አይሆንም።

ቅዳሜ ጠዋት ሞክሪና ጅራቱ የታየበትን ለጥፊልን፤ ቢደበዝዝም ችግር የለም።