ማይክ ይሰካል ወይስ ይገናኛል?

ጥያቄ፦ «ቤታቸው ውስጥ መዝሙርና ዘፈን መቅዳት ለሚጀምሩ ልጆች አጭር መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። ‹ማይኩን ከኢንተርፌሱ ጋር ያገናኙ› ብዬ ጻፍኩ (የማይኩን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ሳጥን ነው፤ ሳውንድ ካርድም ይሉታል)። ጓደኛዬ ‹ሳውንድ ካርዱ ላይ ይሰኩ› በል አለኝ። አንድ መምህር ደግሞ ‹መሰካት የመንገድ ቃል ነው፣ ለጽሑፍ አይሆንም› አሉኝ። የቱን ልያዝ? ደግሞስ ድምፅ ‹መቅዳት› ነው ወይስ ‹መቅረጽ›?» (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጓደኛዎን ይስሙ። «መሰካት» ይበሉ።

በአጭሩ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ይቺ «ማገናኘት» የምትባል ግስ ሌሎቹን ሁሉ እየዋጠች ስትሄድ ዝም ማለት አልችልም። ማንኛውንም የዕቃ መመሪያ ይግለጡ። ቧንቧው ይገናኛል፣ ገመዱ ይገናኛል፣ ባትሪው ይገናኛል። አማርኛ ለየአንዳንዱ ግስ አጥቶ ነው? ቧንቧ ይገጠማል። ያጠረ ገመድ ይቀጠላል። ባትሪ ይገባል። ሶኬት ይሰካል።

«አገናኘ» ከየት እንደመጣ እንይ። መነሻው «አገኘ» ነው። ከዚያ «ተገኘ»፣ ቀጥሎ «ተገናኘ»፣ በመጨረሻ «አገናኘ»። ስለዚህ የሚገናኙት እርስ በርስ የሚፈላለጉና አንዱ ሌላውን የሚያገኙ ናቸው። ሰውና ሰው ይገናኛል። በዚህ ሒሳብ ከድምፅ ዕቃዎች ውስጥ «ይገናኛል» የሚባልለት የብሉቱዝ ሄድፎን ነው። ስልኩ ይፈልጋል፣ ሄድፎኑን ያገኛል፣ ተገናኙ። (ልጆቹ ለቀረጻ እንዳይጠቀሙበት ግን ይንገሯቸው። ድምፁ ዘግይቶ ጆሮ ስለሚደርስ ዘፋኙ ከምቱ ወደኋላ ይቀራል። ባለገመድ ይያዙ።)

አሁን ወደ መምህሩ። መሰካትን የቻርጀርና የሶኬት ቃል አድርገው የሚንቁ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። እስቲ እነዚሁ ሰዎች ተማሪያቸውን ምን ብለው ይመርቃሉ? «ይሳካልህ!» ታዲያ «ተሳካ» የማን ልጅ ነው? የ«ሰካ»። አንዱ በሌላው ውስጥ ልክ ሲገባ ተሳካ ተባለ። ከዚያ ጉዳይም ተሳካ፣ ሐሳብም ተሳካ። መጽሐፍ ሽፋን ላይ በትልቁ የሚታተመው «ስኬት» ከዚሁ ሥር ነው። ልጁ ለሽፋን በቅቶ አባቱ የመንገድ ቃል የሚባልበት ምክንያት አይገባኝም። ስኬትና ሶኬት ግን አይዛመዱም፤ መመሳሰላቸው የአጋጣሚ ነው። ሶኬት ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ስሙ የቀዳዳው ሲሆን እኛ ዘንድ ለሚገባውም ሆኗል።

ሌላም ማስረጃ አለ። ተቃራኒውን ይጠይቁ። ማይኩ ሲጮህ ሰው ምን ይላል? «ንቀለው!» ነው የሚለው። «ለያየው!» የሚል ሰው አልሰማሁም። የሚነቀል ነገር ደግሞ መጀመሪያ የተሰካ ወይም የተተከለ ነው እንጂ የተገናኘ አይደለም። የመሰካት ክርክር ለእኔ እዚህ ላይ አለቀ።

አላለቀም፤ አንድ ነገር ቀርቷል። የማይክ ገመድ ጫፉን አስተውለው ያውቃሉ? ኤክስኤልአር የሚባለው ክቡ ማለቴ ነው። የማይኩ ታች ሲታይ ሦስት ትናንሽ እግሮች አሉት። ወደ ማይኩ የሚሄደው የገመድ ጫፍ ደግሞ ሦስት ቀዳዳ ነው። በሌላው ጫፍ ነገሩ ይገለበጣል። ገመዱ ባለ እግር፣ ሳውንድ ካርዱ ባለ ቀዳዳ። ኤሌክትሪክና ቧንቧ የሚሠሩ ሰዎች ባለ እግሩን ወንዴ፣ ባለ ቀዳዳውን ሴቴ ይሉታል። በኤክስኤልአር ድምፁ የሚሄደው ሁልጊዜ ከወንዴው ወደ ሴቴው ነው። ይህን የያዘ ጀማሪ ገመዱን ገልብጦ ሲታገል አይውልም።

ከሰዋስው አንፃር ምን ማለት ነው? የ«ሰካ» ተሳቢ የሚገባው ነገር ነው። ጦር ይሰካል፣ መርፌ ይሰካል፤ ቀዳዳ አይሰካም። ስለዚህ ሳውንድ ካርዱ ጋ «ገመዱን ይስኩ» ትክክል ነው። ማይኩ ጋ ግን የሚገባው ማይኩ ነው! ገመዱ ተቀባይ ነው። እዚያ ላይ «ገመዱን ማይኩ ላይ ይግጠሙ» ቢባል ደስ ይለኛል። ገጠመ ክዳንን ከድስት ጋር ልክ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ቃልን ከቃል ልክ ያስቀመጠውም ግጥም ተባለ። ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዝ ዕቃ) የተገጠመለት ክራር ወይም ጊታር ካለ ግን ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ወንዴ ነው፤ እዚያም እዚህም መሰካት ብቻ።

ይህን ልዩነት የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ ካሉኝ፣ የለም። ሁሉም በሁለቱም በኩል «ስካው» ይላል። እኔ ግን እለያለሁ።

እግረ መንገዴን፦ ጓደኛዎ «ይሰኩ» ያሉት «ይስኩ» መሆን አለበት። ቅዳ፣ ይቅዱ። ብላ፣ ይብሉ። ስካ፣ ይስኩ። «ማይኮቹ ይሰኩ» ካሉ ተደራጊ ይሆናል፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንዲሰካቸው ማዘዝ ነው።

ስለ ኢንተርፌሱ ስም ብዙ አልልም። «በይነገጽ» የሚሉ አሉ። ኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለሚታየው ይሁን፤ ቀዳዳና ማዞሪያ ያለውን ሳጥን «በይነገጹ ላይ ገመድ ስካ» ቢሉት ጀማሪው ግራ ይጋባል። «ሳውንድ ካርድ» በጥሬው ስህተት ነው፤ ካርድ የተባለው ድሮ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚገባው ነበር። ቢሆንም ሕዝቡ የሚለው እሱን ነው። ይጻፉት።

ለቅደም ተከተሉ የሚሆን ግስም ልስጥዎት። ማይኩ ኮንደንሰር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት ይፈልጋል። መጀመሪያ ይሰኩታል፣ ከዚያ 48ቱን ያበራሉ። ሲጨርሱ መጀመሪያ ያጠፋሉ፣ ከዚያ ይነቅላሉ። ዳይናሚክ የሚባለው ማይክ ይህ አያስፈልገውም። ስፒከር መጨረሻ ይከፈታል፣ መጀመሪያ ይዘጋል። ጌይን (ከማይኩ የሚገባውን ድምፅ መጠን የሚወስነው ማዞሪያ) ደግሞ «ይከፈታል» አይባል፤ ይጨመራል፣ ይቀነሳል። ዘፋኙ ጮክ ብሎ በሚዘፍንበት ቦታ ቀዩ መብራት እስከማይበራ ድረስ ማስተካከል ነው።

ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ፤ መቅዳት ወይስ መቅረጽ? ቀዳ ከግእዙ «ቀድሐ» የመጣ ነው፤ ውሃ ቀዳ፣ ጠላ ቀዳ። ከዕቃ ወደ ዕቃ ማስተላለፍ ነው። የካሴት ዘመን ሰዎች ልብ ይሏል፦ ባዶ ካሴት ይዘን ሄደን «ቅዳልኝ» እንል ነበር። ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው። ቅጂ የተባለውም ለዚህ ነው። ቀረጸ ግን መፋቅ፣ መጫር፣ ቅርጽ ማውጣት ነው። ኤዲሰን በፈረንጆቹ 1877 ፎኖግራፉን ሲሠራ መርፌው ቆርቆሮ ወረቀት ላይ እየጫረ ድምፁን አስቀረ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ሄደው ዘፈኖቻቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹም ነገሩ ያው መጫር ነበር። ስለዚህ ከሰው አፍ የሚወጣውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ መያዝ መቅረጽ፤ የተያዘውን ማባዛት መቅዳት። ቆንጆ ልዩነት ነው። ለምን እንጥለዋለን?

አንድ የሙያ ባልደረባዬ በዚህ ይስቃል። «ላፕቶፕ ውስጥ ማን ነው የሚጭረው? ድምፁ ቁጥር ሆኖ ከማይክ ወደ ፋይል ይተላለፋል፤ ይሄ መቅዳት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?» ይላል። ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። በሴኮንድ 44100 ጊዜ እየተለካ የሚቀመጥ ቁጥር ከመጫር ይልቅ ወደ መቅዳት ይቀርባል፤ እውነት ነው። እርስዎም ጥያቄዎን ሲጀምሩ ሳያስቡት «መቅዳት» ብለዋል። ልጆቹ ደግሞ ሁለቱንም ትተው «ሪከርድ አድርገው» እያሉ ነው። ተሸንፌያለሁ፤ ቢሆንም ርዕሱን «ድምፅ መቅረጽ» ይበሉልኝ። ውስጡን እንደ ልጆቹ ይጻፉ።

ርዕሱን ሲጽፉ ፊደሉን ይጠንቀቁ። ድምፅ በፀሐዩ ፀ፣ መቅረጽ በጸሎቱ ጸ ነው። ብዙ ስቱዲዮ በር ላይ «ድምጽ መቅረፅ» ተብሎ ተገላብጦ ያዩታል።