«ደም የሚያቆም ጨርቅ መሥራት እፈልጋለሁ»

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለፈው ዓመት በኬሚስትሪ ተመርቀሻል። ታላቅ እህትሽ ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ፈስሷት ለጥቂት ተርፋለች። ከዚያ ወዲህ ሽሪምፕ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቅርፊት ስለሚሠራው ደም የሚያቆም ንጥረ ነገር፣ ስለ ቺቶሳን፣ ስታነቢ ከርመሻል። ቤተሰብ ግን «ይሄ እዚህ አገር ሥራ የለውም፣ አስተማሪ ሁኚ» ይልሻል።

እንኳን እህትሽ ተረፈች።

ቤተሰቦችሽ የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። «የደም ማቆሚያ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ብትጠብቂ አታገኚም። ሙያው ግን በሌላ ስም ተበታትኖ አለ። መድኃኒት ፋብሪካ ጥራት ቁጥጥር ውስጥ አለ፣ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ አለ፣ ቆዳ ውስጥም አለ።

ቺቶሳን መውደድሽ ይገባኛል። የአሜሪካ ጦር በኢራቅና በአፍጋኒስታን ቺቶሳን ያለበት ፋሻ ተጠቅሟል። ቺቶሳን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው፣ የቀይ ደም ሴል ገጽ ደግሞ ኔጋቲቭ ነው። ተሳስበው ይያያዙና ቁስሉን ይደፍኑታል። እኛ ግን ባሕር የለንም። ደጅሽ ላይ ያለውን ብታዪ ይሻላል ባይ ነኝ። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካ አለ። ከጥሬ ቆዳ የሚቆረጠው ትርፍራፊ በብዛት ኮላጅን የሚባለው የቆዳ ፕሮቲን ነው፤ በሙቅ ውሃ ሲወጣ ጄላቲን ይሆናል። ቀዶ ሐኪሞች ደም ለማቆም የጄላቲን ስፖንጅ መጠቀም የጀመሩት እንደ ፈረንጆቹ በ1940ዎቹ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በይ፦ ክሮም (ቆዳ ማልፊያው ኬሚካል) የነካው ቁርጥራጭ ለሕክምና አይሆንም። ከመለፋቱ በፊት የወጣውን ነው የምትፈልጊው። እንሰትም አለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች የእንሰት ስታርች ለክኒን ማያያዣነት እንደሚሆን አጥንተዋል። ስታርች ዱቄት የደሙን ውሃ ሲመጥጥ ሴሎቹና ደም የሚያረጉት ፕሮቲኖች ተጠጋግተው ይቀራሉ። ይሄ ለማስተርስ የሚበቃ ጥያቄ ይመስለኛል።

አሁን ዋናው ምክሬ። ከመፍጠርሽ በፊት መለካት ተማሪ። በአቅራቢያሽ ያለ ሆስፒታል ላብራቶሪ ሂጂና የ20 ደቂቃውን የደም መርጋት ምርመራ እንዲያሳዩሽ ለምኚ። ለእባብ ንድፊያ የሚሠሩት ነው። 2 ሚሊ ሊትር ደም ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይደረጋል። ማንም ሳይነካው 20 ደቂቃ ይቀመጣል። ከዚያ ቱቦው ዘንበል ይደረጋል፤ ደሙ ከፈሰሰ አልረጋም ማለት ነው። ቱቦው ፕላስቲክ ቢሆን ውጤቱ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም መርጋቱን የሚቀሰቅሰው የመስታወቱ ገጽ ነው። ይሄን በዓይንሽ ያየሽ ቀን የዕቃ ገጽ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይገባሻል። የሙያሽ ግማሹ እሱ ነው።

አዋላጅ ነርስም አነጋግሪ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው መድማት በአብዛኛው ማሕፀን ስላልተኮማተረ ነው፤ የሚቀድመውም ማሕፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት ኦክሲቶሲን እንጂ ጨርቅ አይደለም። የእህትሽ ነገር ልብሽን ስለነካው ይሄን አለማወቅ አቅጣጫ ያስትሻል ብዬ እሰጋለሁ።

እስከዚያው የጥራት ቁጥጥር ሥራ ካገኘሽ ያዢ፣ ደመወዙ ቢያንስም። ማስተርስ ስታመለክቺ የዩኒቨርሲቲውን ስም ሳይሆን አማካሪውን ምረጪ። «በደም የሚሠራ የሕክምና ባልደረባ አብሮዎት አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ ሌላ ፈልጊ። የማመልከቻ ደብዳቤሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።