«ማስተማሩን ልተወው ነው፤ ተሳስቼ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሳስተምር 6 ዓመቴ ነው። ማስተርሴን የሠራሁት በርበሬ ውስጥ ባለ አፍላቶክሲን፣ ማለትም ሻጋታ በሚያመነጨው መርዝ ላይ ነው። የፒኤችዲ ዕድል ጠብቄ ጠብቄ አልመጣም፣ ደመወዙም ወር አያደርሰኝም። ወደ ኢንዱስትሪ ልግባ ብዬ 11 ቦታ ሲቪ ባስገባም አንድም ሰው አልደወለልኝም። እናቴን ሰፈሩ ሁሉ «የዩኒቨርሲቲ መምህሯ እናት» ነው የሚላት፤ ልለቅ ነው ስላት አለቀሰች። ተሳስቼ ይሆን? ሲቪዬን አያይዣለሁ።
ሜ. ነኝ፣ ከደቡብ

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። እኔም አስተምሬ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ የእናትሽ ዕንባ ይገባኛል፤ ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ሲቪው። 7 ገጽ ነው። ያስተማርሻቸው ኮርሶች ከነኮዳቸው ሁለት ገጽ ይዘዋል፣ ከዚያ ሴሚናር፣ ከዚያ ሦስቱ ጽሑፎችሽ። በኤችፒኤልሲ (በናሙና ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችን ለይቶ በሚለካው መሣሪያ) መሥራትሽን ያገኘሁት አምስተኛው ገጽ ላይ፣ የጥናትሽ ርዕስ ውስጥ ነው። ቀጣሪው እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «ከገበያ የተሰበሰቡ የበርበሬ ናሙናዎችን አዘጋጅቼ በኤችፒኤልሲ አፍላቶክሲን ለክቻለሁ፤ የምርመራ ዘዴውን ትክክለኛነት ራሴ አረጋግጫለሁ።» ሁለት ገጽ ይበቃል።

ይሄ ነገር ውጭ ምን ያህል እንደሚፈለግ የተረዳሽው አልመሰለኝም። የአውሮፓ ኅብረት በርበሬን ጨምሮ በቅመማ ቅመም ውስጥ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ወደዚያ በርበሬ የሚልክ ነጋዴን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ቁጥር ነው፤ አንቺ ደግሞ ቁጥሩን የምትለኪ ሰው ነሽ። በ2000 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሺ። ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከገደብ ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፣ ግዢውም ክፉኛ ወደቀ። ከየት እንደመጣ ሲፈለግ ጥርጣሬው ከማሳው ይልቅ ወደ ጆንያው ዞረ። አስቢው፣ ያ ሁሉ ቡና በጆንያ ምክንያት! እንዲህ ያለውን ጉዳይ ናሙና መውሰድ የሚያውቅ ኬሚስት ካልያዘው ማን ይይዘዋል?

የት ልሞክር ካልሽ፦ የመድኃኒትና የምግብ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍል፣ ቢራ ፋብሪካዎች፣ የግል የፍተሻ ላብራቶሪዎች፣ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን። ከማመልከትሽ በፊት ስለ አይሶ 17025 አንብቢ፣ አጭር ሥልጠና ካገኘሽም ውሰጂ። የላብራቶሪዎችን ብቃት የሚመለከት ደረጃ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

ሥራው ግን ከለመድሽው ይለያል። መድኃኒት ፋብሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የሚዛን ንባብ ተሳስቼ ጻፍኩና እንደ ድሮዬ በፍሉድ አጠፋሁት። ኃላፊዬ መዝገቡን ይዛ መጣች። አልተቆጣችኝም። በተሳሳተው ቁጥር ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰመራል፣ ስር ያለው መነበብ አለበት፣ ትክክለኛው ጎኑ ይጻፋል፣ ፊርማና ቀን ይደረግበታል አለችኝ። የዚያን ቀን ነው ቁጥሩ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ፤ መድኃኒቱን የሚውጠው ሰው አለ። ተማሪዎቼን ይህን ሳላስተምር መውጣቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን የምለምንሽ ነገር፦ ጠፍተሽ እንዳትሄጂ። ማስተርስ ሲልኩሽ የፈረምሽው ውል ካለ አውጥተሽ አንብቢው። ስንት ዓመት ቀረሽ? ብትለቂ ምን ያህል ትከፍያለሽ? ዋስሽስ ማን ነው? ዕዳው ዞሮ እሱ ላይ እንዲወድቅ አትፈልጊም። ክሊራንሱንም ከወዲሁ ጀምሪ። የእኔ ሁለት ወር የፈጀው ፈርሜ አውጥቼ ለባልደረባዬ በቃል ባስረከብኩት አንድ ሚዛን ምክንያት ነው። በስምሽ የወጣ ዕቃ ካለ በጽሑፍ አስረክቢ። የቅጥር ውል በእጅሽ ሳይገባም መልቀቂያ አታስገቢ። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱሽ ስለሚችሉ ትንሽ ብር ያዥ። ጡረታው አያስጨንቅሽ፤ የግሉም እንደ መንግሥቱ 7 በመቶ ከአንቺ፣ 11 በመቶ ከአሠሪሽ ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ በስልክ አታስረጃት። ቤት ስትሄጂ በርበሬ መግዣ ቀን አብረሻት ገበያ ውረጂ። ዛላውን ሰብራ ውስጡን ታያለች አይደል? ሻጋታ ካየች ትመልሰዋለች። ያኔ ንገሪያት፣ በዓይን የማይታየውን አንቺ እንደምታገኚው።

ሲቪውን አሳጥረሽ መልሰሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።