መቻልና የልብ ምት፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ከደብረ ብርሃን የጻፈልን ተማሪ፣ ጣቱን በእጁ አንጓ ላይ አሳርፎ ሲቆጥር፣ አየር ሲስብ የልቡ ምት እንደሚፈጥን፣ ሲያስወጣ ደግሞ እንደሚዘገይ ደርሶበት በሽታ እንዳይሆን ሰግቷል።

በሽታ አይደለም፤ በአንተ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ልብ የሚያደርገው ነው።

ከመሐል ሜዳ የጻፉልን እናት የወገብ ሕመም ከያዛቸው ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ለባና የሚሆን ሱፍ ሲፈትሉ ይውላሉ፤ ሰው ፊት ጥርሳቸውን ስለሚነክሱም ጎረቤቱ «ቻይ ናት» ይላቸዋል። ሲመሽ ግን በሆነ ባልሆነው ልጆቻቸውን ይቆጣሉ፤ ሕመሙም ያን ሰዓት ይብስባቸዋል። «የተበላሸው ጠባዬ ነው ወይስ ወገቤ?» ይላሉ።

ጠባይዎ አልተበላሸም። ሕመም ከወገብ ቢነሣም ብርታቱን የሚወስነው ወገብ ብቻ አይደለም። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመምን መልእክት የሚያሳልፍ ወይም የሚገታ እንደ በር ያለ ሥርዓት አለ፤ አንጎልም ከላይ ሆኖ በሩን ሊያጠብ ወይም ሊያሰፋ ይችላል። ቁጣችንን የምንገታበትና ምላሳችንን የምንይዝበት የአንጎል የፊተኛ ክፍል በዚህ ሥራ እጁ አለበት፤ ቫገስ በሚባለው ነርቭ በኩልም ልብን በማረጋጋት ይሳተፋል። ሕመምን የሚያጠኑ ሰዎች በልብ ምቶች መካከል ያለውን ጊዜ የሚለኩትም ስለዚህ ነው፦ የጤነኛ ሰው ልብ እንደ ሰዓት ሳይዛነፍ አይመታም፣ በምቶቹ መካከል ያለው ጊዜ ይለዋወጣል፤ ሥር የሰደደ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ግን ይህ መለዋወጥ በአማካይ አንሶ ይገኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ እኛ «መቻል» የምንለው ነገር ነው። ጥርስ ነክሶ፣ ትከሻ አኮማትሮ፣ ትንፋሽ አምቆ መዋል ራስን መግዛት ይመስላል እንጂ፣ ሰውነትን ቀኑን ሙሉ ለጠብ እንደተዘጋጀ ማቆየት ነው፤ ለማታ የሚተርፍዎ ትዕግሥት ማነሱ አያስደንቅም። በየግማሽ ሰዓቱ እንዝርቱን አስቀምጠው ይንጎራደዱ፤ ልጆቹ ሳይመጡ ደግሞ ዐሥር ደቂቃ ያህል፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ገደማ፣ አወጣጡን ከአሳሳቡ አስረዝመው ይተንፍሱ። ሕመሙን አይነቅለውም፤ ሊያቀለው ግን ይችላል። ሁለት ዓመት የቆየ ወገብ ሐኪም ቢያየውም መልካም ነው። እግርዎ ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎ፣ ወይም ትኩሳትና መክሳት ከታከለበት ግን የእኔን ምክር ትተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የደብረ ሲናው ወንድማችን፣ የልብ ምትን መለዋወጥ የሚለካው የእጅ ሰዓታቸው በአንድ ሌሊት ቁጥሩን ስላወረደባቸው ደንግጠዋል፤ በደብዳቤያቸው ግርጌ ደግሞ የሰርጉ አረቄ እንዴት ያለ እንደነበር አጫውተውናል። መልሱን ራሳቸው ጽፈውታል።

ከአንኮበር የጻፉልን የስኳር ሕመምተኛ አባት ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይጫናቸዋል፣ ወደ ግራ ክንዳቸውም ይወርዳል፤ ጸበሉን እየተጠመቁ ቀስ ብሎ በመተንፈስ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አይቻልም፣ አባቴ። ይህ የሚቻል ሕመም አይደለም። የስኳር ሕመም ነርቭን ስለሚጎዳ ድንገተኛ የልብ አደጋ ያለ ብርቱ ሕመም ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ሕመሙ ቀላል መሆኑ አያዘናጋዎ። ጸበሉን ተዉ አልልም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድን ግን ለነገ አያሳድሩ። ደብዳቤዎን ከጻፉ አምስት ቀን ሆኗል፤ እስካሁን ካልሄዱ ይህን ጽሑፍ ለልጅዎ ያስይዙና መኪና ያስፈልጉ።