የተሸመደደው መልስ የየትኛው ችግር እንደነበረ

ውድ ልጆቼ፣

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከልብስ ስፌት ሼዶቹ በአንዱ በቅርቡ ሱፐርቫይዘር የሆነች ወጣት «ጋሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማርነው የቴይለርና የማዮ ነገር እዚህ ምን ይሠራልኛል?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። የሥራ አመራር ንድፈ ሐሳብ በአገራችን እንደ ነገሥታት ዝርዝር ነው የሚሰጠው፤ ስም፣ ዓመት፣ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን። እያንዳንዱ ሐሳብ ግን የተወለደው አንድን የሥራ ቦታ አንድ ችግር አላስቀምጥ ብሎት ነው። ችግሩን ሳይነግሯችሁ መልሱን አሸመደዷችሁ።

ሥራን በሰዓት እየለካ ካጠናው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከቴይለር ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካ ውስጥ በቤተልሔም የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች 42 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ብረት እያነሱ ባቡር ላይ ይጭኑ ነበር። የአንድ ሰው የቀን ጭነት 12 ተኩል ቶን ነበር፤ ቴይለር 47 ተኩል ይቻላል አለ። የቀን ክፍያው ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ከፍ አለ። የኋላ ተመራማሪዎች የፋብሪካውን መዝገብ አገላብጠው ቴይለር ታሪኩን ብዙ እንዳሳመረው አሳይተዋል። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በሉ። በእሱ ስሌት ሠራተኛው ብረት የሚሸከመው ከቀኑ 43 በመቶውን ብቻ ነው፤ በቀረው እጁ ባዶ ነው። ዕረፍት የሌለው ምርት የሚጠይቅ አለቃ ቴይለርን አላነበበም። ሁለተኛው፣ ምርቱ አራት እጥፍ ሊሞላ ሲቃረብ ደመወዙ የጨመረው 60 በመቶ ነው። በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ጠቡ የተነሣው ከዚህ ነው።

በምርት መስመራችሁ፣ በላይናችሁ ላይ፣ «ሳም» እያላችሁ የምትጠሩት፣ ለአንድ ሥራ የሚፈቀደው የደቂቃ ልክ፣ የዚህ ሰው የልጅ ልጅ ነው። ኮሌታ መግጠም በአማካይ 0.50 ደቂቃ ወሰደ እንበል። የኦፐሬተሯን ፍጥነት የመደበኛው 90 በመቶ ነው ብላችሁ ብትገምቱት 0.45 ይሆናል፤ ለድካም፣ ለክር መበጠስና ለግል ጉዳይ 15 በመቶ ሲጨመር 0.52፤ በሰዓት 115 ኮሌታ ገደማ ማለት ነው። ስህተቱ የሚገባው በግምቱ ላይ ነው። ሰዓት ይዛችሁ አጠገቧ ስትቆሙ እጇን ቀዝቀዝ ታደርጋለች፣ ወይም ደንግጣ ትፈጥናለች። ስለዚህ ከአንድ ሰው በላይ፣ ከምሳ በፊትም በኋላም ለኩ። ቦቢን የምትቀይርበትንም ደቂቃ መዝግቡት እንጂ አትጣሉት።

የአስተዳደር መርሆችን የዘረዘረውን ፋዮልንና ቢሮክራሲን ያጠናውን ዌበርን በአጭሩ ልለፋቸው። ፋይላችሁ፣ የሥራ መዘርዝራችሁ፣ «በደብዳቤ ይጠየቅ» የሚባለው ሁሉ የእነሱ ነው። ስትጉላሉበት ትራገሙታላችሁ፤ ዘመድ ሲቀጠርበት ደግሞ ትመኙታላችሁ።

ልባችሁን እንድትሰጡት የምፈልገው የተመራማሪው የማዮ ስም ለሚነሣበት፣ ቺካጎ አጠገብ ለነበረው ለሃውቶርን ፋብሪካ ነው። ከቴይለር ጀምሩ አልኩ፤ የማስተማሩ ሥልጣን የእኔ ቢሆን ግን ከዚህ ነበር የምጀምረው። መብራት ሲቀንሱ ምርቱ ጨመረ የሚለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ መምህራን እዚያ ላይ ያቆማሉ፤ ዋናው ቁም ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1931 መጨረሻ እስከ 1932 አጋማሽ የስልክ መቀያየሪያ ሽቦ ይገጠምበት በነበረው ክፍል ነው ያለው። 14 ወንዶች ነበሩ፤ ዘጠኙ ሽቦ ያያይዛሉ፣ ሦስቱ ይበይዳሉ፣ ሁለቱ ይፈትሻሉ። አንድ ተመልካች ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ክፍያው በቡድን ምርት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ብዙ መሥራት ሁሉንም ይጠቅም ነበር። እነሱ ግን በመካከላቸው «የአንድ ሰው የቀን ሥራ ሁለት መቀያየሪያ ነው» ብለው ወስነዋል። ከዚያ የሚያልፈውን ክንዱን በቡጢ ይነርቱታል። ትርፍ የሠራ ሰው ለነገ ያቆየዋል፣ የጎደለበትም ቀድሞ ከያዘው ይሞላል፤ በሪፖርቱ ላይ ምርታቸው ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ከሁሉ ያነሰ የሚያመርተው ሰው ደግሞ በአእምሮ ፈተና አንደኛ የወጣው ነበር። ስንፍና አልነበረም። ብዙ ካመረትን ሒሳቡን ይቀንሱብናል፣ ወይም ከመካከላችን ሰው ይባረራል ብለው ሰግተዋል፤ ያ ደግሞ ሥራ የጠፋበት፣ ኢኮኖሚው የወደቀበት ዘመን ነበር።

አሁን ወደ ሼዳችሁ ተመለሱና የሰዓት በሰዓት ሰሌዳውን አንብቡ። እውነተኛ ሥራ ይዋዥቃል፤ ጠዋት ይሞቃል፣ ከምሳ በኋላ ይወርዳል፣ ማሽን ሲበላሽ ይቋረጣል። አንድ ላይን በየሰዓቱ 58፣ 58፣ 59፣ 58 ከጻፈ አንድም ጸሐፊዋ እየሞላች ነው፣ አንድም ሴቶቹ ተስማምተዋል። የመጨረሻውን ሰዓት ጥቅል ቁጠሩ፤ መሳቢያ ውስጥ ወይም ከማሽን ሥር የተቀመጠ ያለቀ ሥራ ካገኛችሁ ለነገ የቆየ ነው። ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ ቅጣት አትሩጡ። መጀመሪያ ያለፈው ዓመት ኢላማ መቼ ከፍ እንደተደረገና ማን ከፍ እንዳደረገው ጠይቁ።

የዛሬ ወጣቶች አዲስ ስም ትወዳላችሁ። ከእኛ የበለጠ ትጠይቃላችሁ፣ ይህን እወድላችኋለሁ፤ ነገር ግን «ሊደርሺፕ» የሚለውን ቃል ሲቪያችሁ ላይ ለመጻፍ ከመቸኮላችሁ በፊት አንድ ላይን ሙሉ ፈረቃ ቆማችሁ እዩ። በአገራችንም የሥራ ሂደትን እንደ አዲስ የሚቀርጸው ቢፒአር መጣ፣ ውጤት ተኮር ምዘና መጣ፣ ሥራን ትንሽ በትንሽ ሳያቋርጡ ማሻሻል የሚለው የጃፓኖቹ ካይዘን መጣ፤ የካይዘን ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቋመ። ከእነዚህ ለስፌት ሼድ የሚቀርበው ካይዘን ነው። ግን ከአምስቱ ደረጃዎቹ ማጣራት፣ ማስቀመጥና ማጽዳት ለጉብኝት ቀን ተሠርተው ማላመድና ማዝለቅ ይቀራሉ፤ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ይሰመርና በወሩ ካርቶን ይደረደርበታል። ምክንያቱ የሃውቶርኑ ነው፤ ባመጣሁት ሐሳብ ከዚህ የምፈናቀለው እኔ ነኝ ብላ የምታስብ ሠራተኛ ሐሳብ አታመጣም።

ስለዚህ ለጠየቀችኝ ልጅ ያልኳትን ለእናንተም ልድገመው። ሳም የሚቀየረው ማሽኑ፣ ጨርቁ ወይም የአሠራሩ ዘዴ ሲቀየር ብቻ እንደሆነ አስወስኑ። ኦፐሬተሮቹ ስለፈጠኑ ብቻ እንደማይነካ በአማርኛም በሲዳምኛም ተጽፎ ላይኑ ራስጌ ይለጠፍ። ከሥሩ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ይኑርበት፤ የሱፐርቫይዘር ቃል ብቻውን አያሳምናቸውም፣ ሱፐርቫይዘር ይቀያየራላ።